በዲፕሎማዬ ሦስት ማስተርስ አስመርቄያለሁ!

ውድ አንባቢ፣ ርዕሱን አይተህ «ይኼ ሰውዬ ለይቶለታል» ሳትል አትቀርም። አልለየልኝም። እኔ ከኮሌጅ ዲፕሎማ በላይ የለኝም። በቤቴ ግድግዳ ላይ ዲግሪ የሚባል ነገር ተሰቅሎ አያውቅም። ነገር ግን ሦስት ሰዎች ጥቁር ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ አበባ ታቅፈው፣ ከዘመድ አዝማድ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው የ«ማስተርስ» ባለቤት የሆኑት እኔ ጽፌ በሰጠኋቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። አንዱ ስለ ንግድ ሥራ አመራር፣ አንዱ ስለ ቴክኖሎጂ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ተማሪዎች ደህንነት።

ይህን የምጽፈው ልፎክርበት አይደለም፤ ያሳፍረኛል። ግን ነጋ ጠባ «ዩኒቨርሲቲዎቻችን ችግር ፈቺ ምርምር እያካሄዱ ነው» እየተባለ ሲለፈፍ ዝም ብዬ ልሰማው አልቻልኩም። ችግር ፈቺው እኔ ነኛ! የፈታሁት ችግር ደግሞ የሦስት ሰዎችን የደረጃ እድገት ችግር ነው። የሰዎቹንም የዩኒቨርሲቲዎቹንም ስም አልጠራም። ጠቤ ከአሠራሩ ጋር ነው።

እንዴት ገባሁበት? ለጋዜጣ እየጻፍኩ በጽሑፍ ተከፍሎኝ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሑፉ ሲወጣ ይከፈለኛል፤ ጋዜጣው ሲዘገይ ክፍያውም ይዘገያል፤ አከራዬ ግን አይዘገዩም። አንድ ጓደኛዬ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። በሩ ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ከተማውን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ይህን ማስታወቂያ በየስልክ እንጨቱ ላይ፣ «ደላላ የሌለበት የሚከራይ ቤት» ከሚለው ጎን ያገኘዋል። «እናማክራለን» ማለት «እንጽፋለን» ማለት መሆኑን «ከሚመለከተው አካል» በቀር የማያውቅ የለም።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነበሩ። «ጋሼ» ነበር የምላቸው። እሳቸው ደግሞ «አንተ ልጅ፣ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው አሉ» ብለው ጀመሩኝ። ርዕሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ»፣ ከዚያ የአንድ ባንክ ስም። በዚህ ርዕስ የተጻፈው ሁሉ ተከታትሎ ቢነጠፍ ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚደርስ ይመስለኛል። የሚቀየረው የባንኩ ስም ብቻ ነው።

ፕሮፖዛሉ ላይ 150 መጠይቅ ለደንበኞች ይበተናል ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሼ ግን መጠይቅ ይዘው ባንክ ደጃፍ የሚቆሙ ሰው አይደሉም። ቀኑ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ሞላነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥቁር፣ የተወሰነውን በእርሳስ፤ አንዳንዱን በግራ እጄ። ባለቤቱ ቡና እያፈላች እሷም ወደ ሃያ ሞላችልን፤ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ራይት ማድረጉ ደስ አላት። አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ 150 የባንክ ደንበኞች አስተያየታቸውን ሰጥተው ጨረሱ!

ውጤቱ በኮምፒዩተር ተቀምሮ ሲወጣ ደንበኞቹ ረክተዋል። ከ5 ነጥብ 4.1። እኔ ራሴ የዚያ ባንክ ደንበኛ ነኝ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ «ሲስተም የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ግን እኔን ማን ጠይቆኝ? መጠይቁን የሞላሁትም እኔ፣ ያልተጠየቅሁትም እኔ! የመፍትሔ ሐሳብ በሚለው ምዕራፍ «ባንኩ የጀመረውን መልካም አሠራር አጠናክሮ ይቀጥል» ብዬ ዘጋሁት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣኋት ዜና የሚሰማ ሁሉ ያውቃል።

ዲፌንስ በተባለው ዕለት ፈታኞቹ ሁለት ጥያቄ ጠየቋቸው አሉ። አንዱ ስለ ገጹ ኅዳግ፣ ሌላው ስለ ዋቢ መጻሕፍት አጻጻፍ። «እነዚህ 150 ሰዎች የት ናቸው?» ያለ አንድም አልነበረም። ጋሼ በ«ቬሪ ጉድ» አለፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበራቸው ሰፋ፣ ደመወዛቸው ከፍ አለ። እኔም ኪራዬን ከፈልኩ፣ ዩኒቨርሲቲውም በዓመቱ ሪፖርት «ይህን ያህል ምርምር ተጠናቀቀ» ብሎ አንድ ቁጥር ጨመረ። ሁላችንም ተጠቀምን። ያልተጠቀመው «ሲስተም የለም» ተብሎ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰውዬ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ አይመረቅም ተብሏል። ደግ አደረጉ። የድሃው ልጅ ተፈትኖ ይውጣ። ግን በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ከፍሎ የሚማረው ባለሥልጣን በእኔ ብዕር ሲያልፍ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ ብቻ በበሩ የሚፈተሽበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሥራዬ ስለ ቴክኖሎጂ ነበር፤ ሰዎች የሞባይል ባንክን ለመቀበል ምን ያነሣሣቸዋል የሚል። ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ጫማ አለ። ፍሬድ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው የ«ቴክኖሎጂ ተቀባይነት» ሞዴል ነው። ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲታየው ነው ይላል፦ ይጠቅመኛል ሲልና አያስቸግረኝም ሲል። ሰውዬው ያወጣው ለቢሮ ኮምፒዩተር ነበር፤ እኛ አገር ግን ሁሉም እግር በዚህ ጫማ ይገባል። እኔም አገባሁት። መጠይቁን ስለሞላሁበት ሁኔታ አልደግምም፤ ቡናው ያው ነው።

ሞዴሉ ትክክል መሆኑን ያየሁት ግን በኋላ ነው። ከዓርብ መጋቢት 6 ወደ ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚያነጋው ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናጋ። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ የሌለው ሰው ከኤቲኤም ገንዘብ ያወጣ፣ በስልኩም ያስተላልፍ ጀመር። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ተዳረሰ። በውድቅት ሌሊት በኤቲኤም ፊት ተማሪ ተሰለፈ። ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል! ያስቸግራል ወይ? ኧረ ምንም! ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ያለአግባብ ወጣ የተባለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች «የወሰዳችሁትን መልሱ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ባንኩ ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ።

ሌብነትን አላሞግስም። የራስህ ያልሆነን መውሰድ ሌብነት ነው፤ ማሽኑ ስለሰጠህ የራስህ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በዚያ ሌሊት መንግሥት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የመደበው 22 ብር ነበር። ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት! በተመሳሳይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በ22 ብር አንድ ደህና ማኪያቶ አይገኝም ነበር። ተመኑ ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በ2017 የትምህርት ዘመን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ግቢው ውስጥ የኢኮኖሚክስ ክፍል አለ። የስታትስቲክስ ክፍል አለ። የሥነ ምግብ ትምህርት የሚሰጥበትም አለ። የተማሪው ካፍቴሪያ ደግሞ ከሁሉም በእግር አምስት ደቂቃ ነው። 22 ብር ስንት እንጀራ ይገዛል ብሎ ለማስላት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አያስፈልግም። «ችግር ፈቺ» የሚለው ባነር የተሰቀለው በዚያው ካፍቴሪያ በር ላይ ሆኖ፣ ውስጥ ያለው ልጅ ሽሮ የሚመስል ውኃ ይጠጣል። ምርምር ከቤት አይጀምርም እንዴ?

ሦስተኛዋን ሥራ ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ባለጉዳይዋ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ዲን ቢሮ የምትሠራ፣ ጨዋ፣ የተረጋጋች ሴት ናት። ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዘች ከቦታዋ እንደምትነሳ ነግረዋታል። ርዕሷ «የተማሪዎች ደህንነት» ነው ስለው ጓደኛዬ ደነገጠ። «ደህንነት? ተው እባክህ! ምን አገባን?» አለኝ። አልፈርድበትም። በዚህ አገር «ደህንነት» ሲባል ትዝ የሚለን ጤናና ሰላም አይደለም፤ ጥቁር መነጽርና ታርጋው የማይነበብ መኪና ነው። የተማሪን ደህና መሆንና ተማሪን የሚሰልለውን ሰው በአንድ ቃል የምንጠራ ሰዎች ነን!

መጠይቅ ላዘጋጅ ስል «ወንድሜ፣ መጠይቅ አያስፈልገኝም» አለችኝ። «የማውቀውን ብነግርህ ሁለት መጽሐፍ ይወጣዋል።» ነገረችኝም። ግጭት በነበረበት ሰሞን ጫማቸውን ሳያወልቁ ስለሚተኙ ልጆች ነገረችኝ፤ ሌሊት ቢመጣባቸው ለመሮጥ። በቋንቋ ተለይተው ማደሪያ ስለተለዋወጡ የልብ ጓደኞች ነገረችኝ። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው «እኅቴ፣ ዛሬ የቱ መንገድ ይሻላል?» እያሉ ቢሯቸው ደጃፍ ስለሚውሉ ልጆች ነገረችኝ። «ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት። «ምን እላለሁ? ቤተሰብ ጋ ደውሉ እላለሁ።»

«ታዲያ ይህንን ለምን አንጽፈውም?» ስላት ሳቀች። «አማካሪዬ ርዕሱን አጥብቢው ብለውኛል።» ማጥበብ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ጠበበ፣ ጠበበና መጨረሻ ላይ «የጊዜ አጠቃቀም ችሎታ በተማሪዎች ውጥረት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ሆነ። የመፍትሔ ሐሳቡም «ተማሪዎች ጊዜያቸውን በአግባቡ መጠቀም ይለማመዱ» የሚል ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ለሚተኛ ልጅ የሰጠነው ምክር ይኼ ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄ ነው የጻፈው።

የእሷ ወሬ የአንድ ግቢ ወሬ አይደለም። በጥቅምት 2012 መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ተማሪው ሻንጣውን እየያዘ ወደ ቤቱ ሸሸ። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሸሽተው ወደ ቤተሰቦቻቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ መንገድ ላይ ታገቱ። በጥር 2012 መንግሥት 21 ተለቀዋል አለ፤ ወላጆች ደግሞ «ልጆቻችንን አላየንም» አሉ። እናቶች ለዓመታት በር በር እያዩ ኖሩ። ከዚያ ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ዓመቱን ጨርሰው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ያመለጡት ከ100 በላይ ናቸው አሉ። ከቤተሰብ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀ። 22 ብር ይበላ የነበረ ልጅ በመቶ ሺሕ ተተመነ!

ለመሆኑ በእነዚህ ዓመታት ስንት ሺሕ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዟል? እነዚያን ልጆች ርዕስ ያደረገው ስንቱ ነው? በወርቅ ቀለም የተጻፈባቸው ጥራዞች በየቤተ መጻሕፍቱ ተደርድረዋል፤ መንገድ ላይ የቀሩት ልጆች ግን የጥናት ርዕስ ለመሆን እንኳ «ሰፊ» ሆኑብን።

ምርምር በዚህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠና አድዋ ወረደ። ወንዝ ዳር ቆሞ አየ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ተሕዋስ የሚራባው ደግሞ በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ያጠቡበት እንዶድ የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ እንደሚችል የታየው በዚህ ዓይነት ነው። መጠይቅ አልበተነም፤ ወንዙን አየ፣ ቤተ ሙከራ ገባ፣ ዓመታት ሠራበት። እሱና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው።

ታሪኩ እዚያ አያበቃም፤ ንግዱ ተከተለ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ብዙ ኪሣራ ያደርስ ነበር። እንዶዱ እሱንም ገደለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚህ ጥቅም ላይ ፓተንት ያወጣው የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። አክሊሉ ራሱ ከሥራው ውስጥ ነበረበት፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ። የአድዋ ወንዝ ዳር እውቀት አሜሪካ ገብቶ ንብረት ሲባል፣ እኛ ጋ ያለው ዩኒቨርሲቲ የባንክ ደንበኞችን እርካታ ይለካል። በእኔ በኩል!

ጥያቄ መጠየቅ የፈራነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ደርግ ምሁሩን መብላቱን አልረሳሁም። ግን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው። በሚያዝያ ወር 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ከእነሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት መካከል የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። ያን ቀን የተባረሩት 42 ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የቀረው መምህር የትኛው ጥያቄ እንጀራ እንደሚያሳጣ ተማረ፤ ተማሪውንም አስተማረ። «ርዕሱን አጥብቢው» የሚለው ምክር የተወለደው ያኔ ነው እላለሁ። መንግሥት ተለውጧል፤ ምክሩ ግን ጡረታ አልወጣም።

መምህሩን ብቻ ልውቀስ? አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2017 አገሪቱ ለምርምርና ሥርፀት ያወጣችው ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 0.27 በመቶ ነበር። የአፍሪካ መንግሥታት 1 በመቶ እናወጣለን ብለው የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1980 ሌጎስ ላይ ነው። በኅዳር 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በወሩ አጋማሽ ደመወዙ የሚያልቅበት መምህር፣ ማታና ቅዳሜ ሌላ ቦታ የሚያስተምር መምህር፣ ደርዘን ጽሑፍ ሲቆለልበት የገጹን ኅዳግ ለክቶ ቢያልፍ ይገርማል? ከ1983 በፊት በጣት የሚቆጠሩ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩን፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንጻው በዝቷል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን በሕንጻው ልክ አልበዛም።

እኔን ለመያዝ ምን ያስፈልግ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሦስት የስልክ ጥሪ። ፈታኙ ከ150ዎቹ «መላሾች» የሦስቱን ስልክ ጠይቆ ቢደውል ኖሮ ጋሼም እኔም ጓደኛዬም ከነቡናችን ተይዘን ነበር። ሌላው ቀርቶ መጠይቆቹን አውጥቶ ቢያያቸው የአንድ ሰው የግራ እጅ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥር ነበር። ይህ በጀት አይጠይቅም። የዲን ቢሮዋን ሠራተኛ ደግሞ «የምታውቂውን ጻፊ፣ ማንም አይነካሽም» ብሎ የሚፈርምላት አንድ ፕሬዚዳንት ቢኖር፣ በእኔ እጅ ከተጻፉት ሦስቱ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ምርምር በእሷ እጅ ይጻፍ ነበር። የመምህራንን የአካዳሚ ነፃነት የሚያውቅ አዋጅ አለን፤ 1152/2011 ይባላል። ፊርማውን ነው ያጣነው።

ሥራውን ከተውኩት ቆይቷል። ጓደኛዬ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አላነሳም፤ ሌላ ልጅ አግኝቷል። እሷን አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ከቦታዋ ሳትነሳ ቀርታለች። «ልጆቹስ?» አልኳት። «ያው ናቸው፤ ሻንጣቸው ላይ» አለችኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ያቋቋመው «የችግር ፈቺ ምርምር» ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነዋል። ከሰላምታው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ለዶክትሬት ስንት ታስከፍላለህ?» አሉኝ።

«ትቼዋለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ኧረ ተው! ሒሳቡን እኮ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚችለው» አሉኝ።

ዘጋሁት። የወሩን ኪራይ ግን ገና አልከፈልኩም።